እናታችንን ይዘን በሰማይ መንገድ

ቀድሞ ሰው መንገድ ሲወጣ ስንቁን ቋጥሮ፣ በቅሎውን ጭኖ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ነበር። ደካማ የኾነ ሰው ግን ከደጁ አይርቅም፤ መንገድ የብርቱ ሰው ነበርና። አረጋውያን ከምድጃው ዳር ተቀምጠው የሄደው በደኅና እስኪመለስ ይጸልያሉ እንጂ እነርሱ ራሳቸው ይጓዛሉ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። በዛሬው ዘመን ግን ነገሩ ተገልብጦ እናያለን። ወጣቶቹ ባሕር ተሻግረው በዚያው ሲኖሩ፣ ተከትለው የሚሻገሩት ወላጆች ኾነዋል። ጉልበታቸው የከዳ፣ ዐይናቸው የደከመ፣ ከተወለዱበት አጥቢያ እምብዛም ርቀው የማያውቁ እናቶችና አባቶች ከምድር ዙሪያ ሩቡን የሚበልጥ መንገድ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ያቋርጣሉ።

እኛም ሰባ ስምንት ዓመት የመላቸውን እናታችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተጓዝንበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ይህ ጉዞ ያስተማረንን፣ ደግሞም ያሳፈረንን፣ እናትና አባት ያላችሁ ቤተ ሰቦች ኹሉ ትጠቀሙበት ዘንድ እነሆ እንጽፋለን።

ክርክር በቤት

የጉዞው ምክንያት ደስታ ነበር። በዋሽንግተን አጠገብ የምትኖረው ታናሽ እኅታችን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኒቱም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እናታችን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «የልጅ ልጄ ያለ አያት ክርስትና አትነሣም» ብለው ቆረጡ። ቪዛው በሚያስጨንቅ መዘግየት ተገኘ፤ ከሰማንያውም ቀን የቀረው ዐሥራ ኹለት ቀን ብቻ ነበር።

እናታችን የደም ብዛት መድኃኒት ከሚወስዱ ብዙ ዓመታቸው ነው። የቀኝ ጉልበታቸውም ታምሞ ያለ ምርኩዝ ከቤት አይወጡም፤ ደረጃ ሲገጥማቸው ደግሞ አንድ እርምጃ ወጥተው፣ ዕረፍት አድርገው፣ ሌላውን ይወጣሉ። ስለዚህ በአይሮፕላን ጣቢያው ተሽከርካሪ ወንበር፣ ማለት ሕዝቡ ዊልቸር የሚለው፣ እንዲዘጋጅላቸው እንደምናዝዝ ነገርናቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«በወንበር ተቀምጦ የሚገፋ ሕመምተኛ ነው። እኔ ለክርስትና ነው የምሄደው፤ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ እገባለሁ» አሉ።

እኛም የቤተ ክርስቲያን ትምህርታችን ይረዳን መስሎን፣ «እማዬ፣ ካህናቱ በመቋሚያ ተደግፈው ሌሊቱን ኹሉ ሲያመሰግኑ ያደሩ እንደ ኾነ አሳፋሪ ነው የሚል አለ? ይህም እንደዚያው ድጋፍ ነው» አልናቸው። እናታችን ትንሽ አሰቡና፣ «መቋሚያ የያዘ ሰው እኮ ይቆማል፤ አንተ የምትለኝ ተቀመጪ ነው» ብለው መለሱልን። ለዚህ የሚኾን መልስ አላገኘንም። ክርክሩን ትተን፣ ነገር ግን እርሳቸው ሳይሰሙ ለአየር መንገዱ ቢሮ ስልክ ደውለን ወንበሩን አዘዝን።

በስልክ ያነጋገረችን ሠራተኛ የጠየቀችን ጥያቄ መጀመሪያ ከንቱ መስሎን ነበር። «ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ከአይሮፕላኑ በር እስከ መቀመጫቸው በእግራቸው ይደርሳሉ?» አለችን። ኋላ እንደ ተረዳነው ግን የአገልግሎቱ ሥርዐት በሙሉ የቆመው በእነዚህ ኹለት ጥያቄዎች ላይ ነው። በዓለም ያሉ አየር መንገዶች ኹሉ የሚግባቡባቸው ምልክቶች አሉ። «ደብሊው ሲ ኤች አር» የተባለው ደረጃ መውጣትና በአይሮፕላኑ ውስጥ መራመድ እየቻለ ረዥም መንገድ ግን የሚያደክመው ሰው ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ኤስ» ደረጃ መውጣት የማይችል፣ ነገር ግን በአይሮፕላኑ ውስጥ ራሱን ችሎ ወደ መቀመጫው የሚሄድ ነው። «ደብሊው ሲ ኤች ሲ» የተባለው ደግሞ ጨርሶ መራመድ የማይችልና እስከ መቀመጫው ድረስ የሚረዱት ነው። ለዚህ ለሦስተኛው በመቀመጫዎች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ የምታልፍ ቀጭን ወንበር ይመጣለታል። ምልክቱ ከተሳሳተ ርዳታውም ይሳሳታል፤ ደረጃ የማይወጣው ሰው ደረጃ ሥር ቆሞ ይቀራል። እናታችንን በኹለተኛው ምልክት አስመዘገብናቸው።

በቦሌ

በአገራችን የአይሮፕላን ጉዞ በተጀመረበት ዘመን ለደካማ የሚኾን ነገር እምብዛም አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ሲያደርግ አዲስ አበባ የሚያርፈው አይሮፕላን ልደታ ሜዳ ላይ ነበር። ያ ኹለት ሞተር ያለው አይሮፕላን በምድር ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ፣ ጭራው ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ በኋላ በር የገባ ተሳፋሪ ወደ መቀመጫው የሚደርሰው ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነበር። ዛሬ ቦሌ ላይ ከሕንጻው እስከ አይሮፕላኑ በር የሚደርስ ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ለሚገባ ሰው ደረጃው ቀርቷል። ነገር ግን ደረጃው በቀረበት መጠን መንገዱ ረዝሟል። ሕንጻው እየሰፋ በሄደ ቍጥር ከመግቢያው እስከ መሳፈሪያው ያለው እርምጃ እየበዛ ሄዷልና፣ የጥንቱ ተሳፋሪ ከዳገቱ ጋር ሲታገል የዛሬው ከሜዳው ጋር ይታገላል።

እናታችን ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በገዛ እግራቸው ገቡ። የመጀመሪያው ችግር የጉልበት ሳይኾን የሻንጣ ኾነ። ሻንጣው ተመዝኖ ሊሄድ ሲል፣ «የደም ብዛቱ መድኃኒት የት አለ?» ብለን ጠየቅን። በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነበር! ያ ሻንጣ ከሄደ እናታችን ከዐሥራ አምስት ሰዓት በላይ ያለ መድኃኒት መቆየታቸው ነው። በሰው ኹሉ ፊት ሻንጣውን ከፍተን በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውንና የሕፃኒቱን ልብስ እያነሣን ከታች መድኃኒቱን አገኘነው። ከኋላችን ሰልፍ የያዙት መንገደኞች አንዳንዶቹ ሲሥቁ አንዳንዶቹ የገዛ ሻንጣቸውን መፈተሽ ጀመሩ።

ኹለተኛው ችግር ጠበሉ ነበር። እናታችን ለሕፃኒቱ ብለው ከደብራቸው ያመጡትን አንድ ሊትር ጠበል በእጅ ቦርሳቸው ይዘዋል። በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚከለክለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው፤ ደንቡም ጠበልን ከውሃ አይለይም። ደግነቱ ሻንጣው ገና አልሄደም ነበርና ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልለን፣ በሕፃኒቱ ልብስ መካከል አስቀምጠን ዘጋነው።

ከፓስፖርት ምርመራው ካለፍን በኋላ የፈራነው ደረሰ። መንገዱ እኩል ሳይደርስ እናታችን ቆሙ። ምርኩዛቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ምንም ሳይናገሩ በግድግዳው ጠርዝ ተቀመጡ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ የመሳፈሪያው በር ገና ሩቅ ነው። ያን ጊዜ ያዘዝነውን ወንበር የሚገፋው ወጣት ስማቸውን ይዞ ሲፈልገን ደረሰ። እናታችን ወንበሩን ባዩ ጊዜ ዐይናቸውን ወደ እኛ መለሱ፤ ያለ ፈቃዳቸው እንዳዘዝን ገባቸው። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ወጣቱ ግን የዋዛ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ፣ በበቅሎ ሄደው ያውቃሉ?» አላቸው።

«እንዴታ! ለሠርጌ የሄድኩት በበቅሎ አይደለም?»

«ታዲያ ያን ቀን ያየዎት ሰው ሕመምተኛ ናት አለ?»

እናታችን ዝም አሉ።

«እንግዲህ ይህችንም በቅሎ እኔ ልሳብልዎ፤ እርስዎ ብቻ ይቀመጡ» አላቸው። እናታችን ሣቁ፤ ምርኩዛቸውን ለእኛ ሰጥተው ተቀመጡ። እኛ በመቋሚያ ያላሳመንናቸውን ያ ልጅ በበቅሎ አሳመናቸው። ነገሩ የቃል ብልሃት ብቻ አልነበረም። ከላይ ኾኖ አላዘዛቸውም፤ ጎንበስ ብሎ ጠየቃቸው፤ እኛ ያላደረግነውን አደረገ።

በሰማይ ላይ

ከመሄዳችን በፊት የዘመድ ወዳጅ ኹሉ፣ «ከፍታው ልባቸውን ያስጨንቃል» እያለ ያስፈራራን ነበር። ስለዚህ ነገር ሐኪማቸውን ጠየቅን፤ የነገረንም ነገር አስደነቀን። አይሮፕላን ከምድር ዐሥርና ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ስለሚገባ ተሳፋሪው የሚሰማው ከፍታ ከ2,400 ሜትር ገደማ አይበልጥም። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል! በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው አይሮፕላን መግባት ተራራ እንደ መውጣት ሲኾን፣ በአዲስ አበባ ለኖረ ሰው ግን በገዛ ቤቱ እንደ መቀመጥ ነው። እንደ ቦይንግ 787 ባሉት አዳዲስ አይሮፕላኖች ውስጥማ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ መንገደኛው ከአዲስ አበባ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ የወረደ ያህል ነው። ይህ ሲባል ግን የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሳፈር። እንዲህ ላለው ተሳፋሪ አየር መንገዶች ሐኪም የሚሞላው ቅጽ አላቸው።

እውነተኛው ጠላት ከፍታው ሳይኾን መቀመጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው ሲጓዙ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ አደጋ እጥፍ ይኾናል። እርግጥ አደጋው በቍጥር ሲታይ ከ6,000 ሰው አንዱን የሚያገኝ ያህል ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው የገፋ፣ ቀድሞም ደም የረጋበት ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ስለዚህ በየሰዓቱ እናታችንን ቁርጭምጭሚታቸውን እንዲያዞሩ፣ ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እንዲያደርጉ እናስታውሳቸው ነበር። እርሳቸውም ስግደት እንደሚቈጥር ሰው በጣታቸው እየቈጠሩ ያደርጉት ጀመር።

በአይሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እጅግ ደረቅ ስለ ኾነ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ያስፈልጋል። አረጋውያን ግን ወደ መጸዳጃ ቤት መመላለስን ፈርተው ውሃ አይጠጡም። እናታችንም ኹለት ጊዜ የቀረበላቸውን ውሃ መለሱ። እኛ ምክንያቱን የተረዳነው ዘግይተን ነው፤ መቀመጫችን ከመጸዳጃው ርቆ፣ ያውም በመካከል ነበርና ኹለት የማያውቋቸውን ሰዎች ማስነሣት አፍረው ነው። በመተላለፊያው ዳር፣ ለመጸዳጃው ቅርብ የኾነ መቀመጫ አስቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ይህ ባልደረሰ። አጠገባችን የነበረችው ተሳፋሪ ነገሩን አይታ ሳትጠየቅ ስፍራዋን ለወጠችላቸው። ከዚያ በኋላ ውሃውን ጠጡ።

ቀኑ የጾም ቀን ስለ ነበር የጾም ምግብ አስቀድመን አዝዘን ነበር፤ ይህን እንኳ አልረሳንም። መድኃኒታቸውንም በሰዓቱ ወሰዱ። በዚህ ላይ የሰዓቱ ልዩነት ሊያሳስት ይችላልና፣ «በአዲስ አበባ ሰዓት ይውሰዱ፤ ከደረሱ በኋላ ቀስ በቀስ ይለውጡ» ያለንን የሐኪማቸውን ምክር ጠበቅን።

በመንገድ ላይ አይሮፕላኑ ነዳጅ ለመቅዳት በአንድ የአውሮፓ ከተማ አረፈ። እናታችን፣ «ደረስን?» ቢሉ፣ «ገና ነው» አልናቸው። የዚህም ምክንያቱ ያው የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። በከፍተኛ ስፍራ አየሩ ስስ ስለ ኾነ ክንፉም ሞተሩም ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትልቅ አይሮፕላን ሰውና ጓዝ ሞልቶ ለረዥም መንገድ የሚበቃውን ነዳጅ ኹሉ ይዞ ከቦሌ መነሣት ይቸግረዋል። በመልስ ጊዜ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ካለው ከደለስ ተነሥቶ በአንድ ጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከፍታችን ለሳንባ የሰጠንን ከነዳጅ ይወስድብናል ማለት ነው።

በደለስ ያፈርንበት

የዋሽንግተን ደለስ የአይሮፕላን ጣቢያ ከከተማው 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቨርጂኒያ ምድር ይገኛል። ኤሮ ሳሪነን የተባለው ዝነኛ የሕንጻ ባለሙያ ነድፎት፣ እርሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተመረቀ። ጣሪያው በአምዶች መካከል እንደ ተዘረጋ ድንኳን ወደ መካከል ዝቅ ብሎ ይታያል። ከኹሉ የሚደንቀው ግን የባለሙያው ሐሳብ ነው። ይህ ሰው መንገደኛ በረዥም መተላለፊያ እየተንገላታ የሚሄድበትን ሥርዐት አልወደደምና፣ ሰው ወደ አይሮፕላኑ ከሚሄድ ይልቅ የመቆያው ክፍል ራሱ ወደ አይሮፕላኑ ይሂድ ብሎ በጎማ የሚሽከረከር፣ እንደ ሳሎን ያለ ሰፊ መኪና አሠራ። እኛም ከዚህ መኪና ገብተን ነው ወደ ፓስፖርት ምርመራው የሄድነው።

ነገር ግን ወደዚህ መኪና ከመግባታችን በፊት ያየነው ነገር ጉዞውን ኹሉ በሌላ ዐይን እንድናይ አደረገን። ከአይሮፕላኑ በር ውጭ ተሽከርካሪ ወንበሮች በረድፍ ቆመዋል፤ ያዘዙት ሰዎች ግን ከወንበሮቹ ይበዙ ነበር። በበረራው ጊዜ ኹሉ በመተላለፊያው ሲመላለሱ ያየናቸው፣ ሻንጣቸውን ከላይኛው መደርደሪያ በገዛ እጃቸው ያወረዱ ሰዎች ፈጥነው ሄደው ተቀመጡ። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ የኾነ ጐልማሳ ግን በመጨረሻ ወጣ። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ እግሩ ስላበጠ ሰው ሠራሹ እግር አልገባ ብሎት በእጁ ይዞታል፤ በክራንች ተደግፎ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆመ። የቀረ ወንበር አልነበረም። የመጨረሻው ወንበር የእናታችን ነበር።

እናታችን ዐዩት። ከወንበራቸውም ብድግ ብለው፣ «እኔ ኹለት እግር አለኝ፤ ቢያምም አለ። ይህ ልጅ ይቅደም» አሉ። ጐልማሳው እምቢ አለ፤ እርሳቸውም፣ «እናትህን እምቢ ትላለህ?» ብለው ገሠጹት። ሰውየው ተቀምጦ ሄደ። እናታችን ሌላ ወንበር እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ያህል በሠራተኞች ጠባብ አግዳሚ ላይ ቆዩ።

በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ እኛ የምናስበው ሌላ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጤነኛ የኾኑ አጎታችን ብቻቸውን ወደዚሁ አገር ሲጓዙ፣ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ፣ «እግሬን ያመኛል ይበሉ፤ በወንበር የሚገፋው ሰው ከበር እስከ በር ያደርስዎታል፤ ሰልፍም የለብዎትም» ብለን የመከርናቸው፣ ወንበሩንም ያዘዝንላቸው እኛው ነበርን። በጊዜው ብልሃት መስሎን ነበር፤ ለሌላም ሰው መክረናል። የአጎታችን ወንበር በዚያ ቀን የማን ወንበር እንደ ነበረ፣ ማን ከግድግዳ ተጠግቶ እንደ ቆመ አናውቅም። በትምህርት ቤት ለተማሪዎቻችን ስለ እውነት እያስተማርን፣ በአይሮፕላን ጣቢያ ግን በትንሽ ውሸት ከድኩማን ድርሻ ቀምተናል። ይህን ለእናታችን በዚያው አግዳሚ ላይ ነገርናቸው። እርሳቸውም ለጊዜው ምንም አላሉም፤ ኋላ፣ «ለሌላ ሰው የመከርኸውን ደግሞ ሄደህ ንገረው» አሉን። ይህ ጽሑፍ በከፊል የዚያ ትእዛዝ መፈጸሚያ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ቋንቋ አለማወቅ እውነተኛ ችግር ነው፤ ብቻቸውን የሚጓዙ ወላጆቻችንን ማን ይምራቸው ብሎ መጨነቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለዚህ ራሱን የቻለ ርዳታ አለ። ወንበር ሳያስፈልገው መሪ ብቻ የሚያስፈልገውን መንገደኛ «ኤም ኤ ኤ ኤስ» በሚል ምልክት ተቀብለው ከቦታ ቦታ የሚያደርሱበት አገልግሎት ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ እየተቻለ ሕመም መፍጠር አያስፈልግም።

በመጨረሻ ወንበር እየገፋ የመጣው ሠራተኛ፣ «እንኳን ደኅና መጡ፣ እማማ» ሲላቸው የእናታችን ፊት በራ። በዚያ ጣቢያ ወንበር ከሚገፉት፣ ሻንጣ ከሚያነሡት፣ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች እየሮጡ፣ ብዙ ጊዜም በጉርሻ እየተደጐሙ የሚሠሩ መኾናቸውን ደግሞ አንርሳ።

ይህ መብት እንዴት መጣ

ደካማ ሰው በአይሮፕላን እንዲጓዝ መርዳት የደግ ሰው ችሮታ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው፤ ሕጉም በትግል የመጣ ነው። በአሜሪካ አገር ሽባ የኾኑ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አየር መንገዶች አድልዎ እንዳያደርጉ ክስ አቅርቦ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ተረታ። ነገር ግን ሽንፈቱ ምክር ቤቱን አነቃቃና በዚያው ዓመት አካል ጉዳተኛን በአየር ጉዞ መድልዎ የሚከለክል ሕግ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ ርዳታው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ፣ ተጓዡም ቢያንስ ከ48 ሰዓት አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ደነገገ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጸደቀ፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ስምምነቱ መንገድና መጓጓዣ ለኹሉ ክፍት እንዲኾን ያዝዛል።

እንግዲህ ወንበሩን የምንጠይቅ ልመና እንደሚለምን ሰው አንፈር፤ የማያስፈልገንም መብት ነው ብለን አንውሰድ።

ለሚጓዙ ቤተ ሰቦች

ከደረሰብን ስሕተት የተማርነውን ባጭሩ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፤ ርዳታውን ቲኬት በሚቈረጥበት ጊዜ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት እዘዙ። ስለ ደረጃና ስለ መራመድ ለሚቀርበው ጥያቄ በእውነት መልሱ። መሄጃውን ብቻ ሳይኾን መለወጫውንና መመለሻውንም አስመዝግቡ።

ኹለተኛ፤ መድኃኒት ከእጅ ቦርሳ አይለይ፤ በፋብሪካ ማሸጊያው ከሐኪም ወረቀት ጋር ይያዝ። ጠበል ከ100 ሚሊ ሊትር ከበለጠ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። የያዛችሁትን ምግብ በጉምሩክ ስትጠየቁ አትደብቁ፤ ቋንጣ ግን ወደ አሜሪካ አይገባምና በቤት ይቅር።

ሦስተኛ፤ የራሱ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ወንበሩን እስከ አይሮፕላኑ በር ድረስ መጠቀም እንዲችል ይጠይቅ፤ ወንበሩ ሲጫን ዋጋ አይከፈልበትም። ባትሪ ያለው እንደ ኾነ የባትሪውን ዐይነት አስቀድሞ ያስታውቅ። ወንበሩን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ እንዴት እንደሚታጠፍም ጽፎ ማሰር ብልህነት ነው። የተሰበረ ወንበር ለባለቤቱ የተሰበረ እግር ነውና።

አራተኛ፤ ለብቻቸው ለሚሄዱ ወላጆች የልጃቸውን ስም፣ ስልክና አድራሻ፣ የሕመማቸውንና የመድኃኒታቸውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በኪሳቸው አድርጉ።

አምስተኛ፣ ከኹሉም የሚበልጠው፤ ወላጆቻችሁን ሳታማክሩ አትዘዙላቸው። እኛ እናታችንን እንደ ዕቃ አስመዘገብናቸው፤ የማያውቁት ወጣት ግን እንደ ሰው ጠየቃቸው። ልዩነቱን በዐይናችን አየነው።

መደምደሚያ

ሕፃኒቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እናታችን በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ለአረጋውያን በተዘጋጀው ወንበር አልተቀመጡም፤ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ቆሙ። ማታ ጉልበታቸው አብጦ ሲታሽላቸው፣ «ለመንገዱ ተቀምጬ ለዚህ ጉልበቴን ቈጥቤ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ወንበሩ የቱን ያህል እንደ ጠቀመ፣ እርሳቸውም እኛ ከነገርናቸው ይልቅ እንዴት አጥርተው እንደ ተረዱት ገባን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ወንበሩን ራሳቸው በስልክ አዘዙ። ሊጠይቋቸው የመጡ ጎረቤቶች፣ «ያን ኹሉ መንገድ በዚያ ጉልበት እንዴት ቻሉት?» ብለው ሲጠይቋቸውም፣ «በበቅሎ ነዋ!» ይላሉ።

ወላጆቹን ይዞ መንገድ ለሚወጣ ኹሉ እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት።